አንደኛ ደረጃ ደህና

በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓ.ም. በላይኛው ሸለቆ ክልል፣ ቆላ በር በምትባል ከተማ፣ ከሁሉ በላይ ደህና የተባለው ሰው አንዳርጌ ነበር። ወሬ አይደለም፤ ወረቀት አለው። «አንደኛ ደረጃ ደህና» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከሠርግ ፎቶው አጠገብ ተሰቅሏል። በወርቅ ቅብ ፍሬም ያስገባችለት ባለቤቱ አምሳለ ናት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ እዩት የኔን ባል!» ትላለች። እንግዳውም «እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ» ይላል።

ወረቀቱን ያስገኘችለት እሜቴ ናት። እሜቴ ማለት በየቤቱ በር መቃን ላይ የተገጠመችው ጠያቂ ናት። በመንግሥት መዝገብ ስሟ ሌላ ነው፤ ረጅም ስለሆነ ማንም አይጠራትም። ሁልጊዜ ጠዋት ሰው ከቤቱ ሊወጣ ሲል በደህና ቤት ልጅ ድምፅ «እንዴት አደሩ?» ትላለች። ሳይመልሱላት በሩ አይከፈትም። መልሱ ይመዘገባል፣ ከመዝገቡ ደረጃ ይወጣል፣ ደረጃው ደግሞ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ማን እንደሚቀርብ ይወስናል። በክልሉ ስድስት ሚሊዮን ሰውና ሰባት የአእምሮ ሐኪም አለ። ወረፋው በእውነት ለባሰበት ሰው እንዲደርስ ተብሎ የተሠራ ነው እንጂ ማንም በክፉ አላሰበውም። በየአደባባዩም «ሳይጠየቅ የሚታመም ዜጋ አይኖርም» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል።

የሠሯት ልጆች የአገር ልጆች ናቸው፣ የተማሩ ናቸው። ግን እናቶቻቸው መንገድ ላይ ከሰው ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ቀሚሳቸውን ይዘው ቆመው አያውቁም እንዴ? እዚህ አገር «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «ታምሜ አደርኩ» ብሎ አፉን የሚፈታ ማን አለ? ሰውየው ቤቱ ተቃጥሎ አመዱ ላይ ቆሞም ቢሆን መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ስለ ቃጠሎው የሚያወራው ቆይቶ ነው። እሜቴ ግን ቆይቶ የሚባል ነገር አታውቅም። አንዴ ትጠይቃለች፣ የተባለውን ትመዘግባለች፣ በሩን ትከፍታለች።

አንዳርጌም አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳያዛንፍ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሏታል።

ሥራው የፀሐይ ሰሌዳ ማጠብ ነው። ከከተማው በስተምሥራቅ ድሮ ማሽላ ይበቅልበት የነበረው ሜዳ ዛሬ ዐይን እስከሚያይ ድረስ ሰሌዳ ነው። አርባ ስድስት ሰዎች ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ እየጠረጉ ይሄዳሉ፤ የመጨረሻውን ረድፍ ሲጨርሱ የመጀመሪያው መልሶ አቧራ ለብሶ ይጠብቃቸዋል። አንዳርጌ ሥራውን ይወደው ነበር። «የፀሐይን ፊት የማጥብ እኔ ነኝ፣ ውለታዬን ግን አትቆጥርም» እያለ ጓደኞቹን ያስቃቸው ነበር።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ቀልዱ ጠፋ። ለምን እንደሆነ ለራሱም አልገባውም። ማንም አልሞተበትም፣ ከማንም አልተጣላም። ብቻ የሚበላው ሁሉ አፉ ውስጥ አፈር ሆነ። እንቅልፍ ሸሸው። የልጁ የረድኤት ሳቅ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ያህል ከሩቅ ይሰማው ጀመር። ሰሌዳው ላይ የገዛ ፊቱን ሲያይ ብሩሹን ማንሳት ያቅተውና ተቆጣጣሪው ጮሆ እስኪጠራው ድረስ ዝም ብሎ ይቆማል። ላዩን ላየው ጨዋ ባል፣ ታታሪ ሠራተኛ ነው፤ ውስጡን ግን ለቄስ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ወደ ቤቱ በመሄድ ፈንታ ወደ ግድቡ ሄደ። ለምን እንደሄደ ያውቃል፤ ማወቁ ነው ያስፈራው። አፋፉ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቆመ። የመለሰው ምሳ ዕቃው ነው። ሜዳው ላይ ረስቶት ነበርና «አምሳለ ነገ በምን ልትቋጥር ነው? ስትፈልግ ልታመሽ ነው» የሚል ሐሳብ መጣበት። ሄዶ ምሳ ዕቃውን አነሳ፣ ቤቱ ገባ፣ እራት ቀረበለት፣ «ደህና ዋልክ?» ተባለ፣ «ተመስገን» አለ። ለሚስቱ አልነገራትም። ሆድ ይፍጀው አለ። ግን እዚያ አፋፍ ሁለተኛ ከሄደ ምሳ ዕቃ እንደማይመልሰው ገብቶታል።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቆ የአእምሮ ጤና ጣቢያ ሄደ። ጣቢያው ሰው የለውም፤ መስኮት ነው ያለው። መስኮቱ ላይ እጁን አደረገ። ያቺው የእሜቴ ድምፅ ወጣች።

«አቶ አንዳርጌ፣ እንኳን ደስ አለዎት። አንደኛ ደረጃ ደህና ነዎት። ይህ ወረፋ አምስተኛ ደረጃ ላይ ለሚገኙ ነው።»

«አሞኛል እኮ» አለ አንዳርጌ ቀስ ብሎ፣ ከኋላው የቆሙት እንዳይሰሙት።

«መዝገብዎ አራት ሺህ አስራ አምስት ጊዜ ደህና ነኝ ማለትዎን ያሳያል። አሁን የሰጡት ቃል አንድ ነው። ደረጃዎ እንዲለወጥ ሠላሳ ጠዋት በተከታታይ ደህና አለመሆንዎን በቤትዎ በር ላይ ያስመዝግቡ። መልካም ቀን።»

ሠላሳ ጠዋት። ምን አላት፣ ሠላሳ ጊዜ ሁለት ቃል ማለት ነው፤ ይባላል። አንዳርጌም በልቡ እየደጋገመ ቤቱ ገባ።

በመጀመሪያው ጠዋት እሜቴ «እንዴት አደሩ?» ስትል ገና ትንፋሹን ሳይስብ አፉ ቀድሞት «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። በሁለተኛው ጠዋት «ደህና አ...» እንዳለ አምሳለ ምሳ ዕቃውን ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። በእሷ ፊት በጠዋት አፉን በክፉ ይፍታ? የቀረውን ዋጠውና «ደህና አድሬያለሁ» አለ። በሦስተኛው ረድኤት ዩኒፎርሟን ለብሳ ከኋላው ቆማ ነበር። በአራተኛው ደግሞ ማንም አልነበረም፣ እሱና በሩ ብቻ፣ ቢሆንም አልቻለም። የሰጠውን ጌታ መካድ መሰለው። እግር ሳይጎድለው፣ ዐይን ሳይጎድለው፣ ልጅ ሳይጎድለው፣ ምን ብሎ ነው ደህና አይደለሁም የሚለው?

አምሳለና ረድኤት የታመመች አክስት ሊጠይቁ ሳምንት ቢሄዱለት ጊዜ ጨከነ። አራት ጠዋት በተከታታይ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ «ደህና አይደለሁም» አለ። እሜቴም አራት ጊዜ «ተመዝግቧል» አለችው። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ትከሻው ይቀለዋል። አምስተኛውን ቀን እንዲሁ ብሎ በሩ ተከፈተ። አንድ እግሩን አውጥቶ አንዱ እግሩ ደፉ ላይ እያለ ጎረቤቱ አቶ ይማም ጋሪያቸውን እየገፉ ሲያልፉ አዩት።

«አንዳርጌ! እንዴት አደርክ? ብቻህን ከረምክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አቶ ይማም! እርስዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

እሜቴ ከመቃኑ ላይ ሆና «መልስዎ ታርሟል» አለች። «የመጨረሻው መልስ ተመዝግቧል፤ ደህና። ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ቅሬታ ካለዎት አቤቱታ ሰሚ ክፍል ያመልክቱ።»

አንዳርጌ በሩ ላይ ቁጭ አለ። አቶ ይማም ምን እንዳደረጉት አያውቁም፤ እጃቸውን እያውለበለቡ ጋሪያቸውን ገፍተው ሄዱ። ምን ይበላቸው? ሰላም ስላሉኝ ተጎዳሁ ይበል?

አቤቱታ ሰሚው ክፍል ለአንድ ሰው አስራ ሁለት ደቂቃ ይሰጣል፤ እዚያ የተሰጠ ቃል ሠላሳ ጠዋት አይጠብቅም። አንዳርጌ የተቀጠረው በኅዳር ሃያ ሁለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። አምሳለ ከዘመድ ቤት ተመልሳለች፤ «ሰሌዳ ልቀበል ክልል ጠርተውኝ ነው» ብሎ ዋሽቷት ወጣ። መንገዱ በግድቡ በኩል ያልፋል። አውቶቡሱ ውስጥ ሆኖ ውሃውን አየና ፊቱን አዞረ። ይህም በር ከተዘጋ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃልና ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ «አምላኬ፣ ዛሬን» አለ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ቦርሳዋን ጠጋ አደረገች።

ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ፣ ግድግዳ ላይ ሰዓት፣ እሜቴና አንዲት አሮጊት አሉ። ሕጉ በእያንዳንዱ ችሎት አንድ ሰው፣ ሥጋ የለበሰ ሰው፣ እንዲቀመጥ ያዛል። ሴትዮዋ ሉባባ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ጤና ኤክስቴንሽን ሆነው ቆላ በርን ቤት ለቤት በእግራቸው ያዳረሱ ናቸው፤ ዛሬ ሰባ ሊሞላቸው ነው። ሥራቸው መቀመጥ ነው። ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል እንዳይናገሩ በመመሪያ ተከልክለዋል፤ ስለዚህ ዳንቴላቸውን ይሠራሉ። ሰላምታ ግን አልተከለከሉም። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ሰላምታ ምን ያመጣል ብለው ይከልክሉ?

«አቤቱታ አቅራቢ፣ እንዴት ነዎት?» አለች እሜቴ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አንዳርጌ። ብሎም በድንጋጤ አፉን በእጁ ከደነ። ወይ ጉድ! አሁንም?

«ተመዝግቧል፤ ደህና። ሌላ ጥያቄ ካልተነሳ አቤቱታው...»

«እንዴት አረፈድክ ልጄ?» አሉ እትዬ ሉባባ፣ ከዳንቴላቸው ቀና ሳይሉ።

እሜቴ የጀመረችውን ተወች። ሰላምታ ሳያልቅ ጉዳይ መዝጋት አልተማረችም።

«እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ። እርስዎ እንዴት አረፈዱ?»

«አልሐምዱሊላህ። አማን ነህ?»

«አማን ነኝ።»

«ተመዝግቧል፤ ደህና» አለች እሜቴ።

«ቤትህስ? ባለቤትህስ አማን ናት?»

«ደህና ናት።»

«ልጆችስ?»

«አንዲት ናት። ደህና ናት። ትምህርቷን ትማራለች።»

«ታድግልህ። ሥራስ? ሰሌዳ ነው አይደል ይሄ እጅህን የላጠው? ሰሌዳው አማን ነው?»

አንዳርጌ ሳያስበው ፈገግ አለ። ስለ ሰሌዳ ጤንነት የጠየቀው ሰው የለም። «አማን ነው። አቧራው ነው እንጂ።»

«በርትቷል?»

«ዘንድሮ በርትቷል እትዬ። ጠርገን ዞር ስንል ተመልሶ ይቀመጣል። ማለቂያ የለውም።»

«ማለቂያ የለውም» አሉ እሳቸውም። ዳንቴሉን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሰዓቱ ከአስራ ሁለቱ ሰባቱን ደቂቃ ቆጥሯል። መነጽራቸውን አወለቁና ቀጥ ብለው አዩት። «አንተስ?»

«እኔማ ደህ...»

አልወጣም። እትዬ ሉባባ አልቸኮሉም። ሰው ደጃፍ ላይ ቆመው ውስጥ ያለው እስኪከፍት ሲጠብቁ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት።

«አንተስ ልጄ?» አሉ እንደገና።

«እኔ የለሁም እትዬ» አለ አንዳርጌ።

«መልሱ ግልጽ አይደለም። እባክዎ ይድገሙ» አለች እሜቴ።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ!» አሉ አሮጊቷ።

ከዚያ በኋላ መጣ። ሦስት ዓመት የታፈነ ነገር በአንዴ መጣ። እንቅልፉን ነገራቸው። አፈር አፈር የሚለውን እህል ነገራቸው። የልጁ ሳቅ እንደራቀው ሲነግራቸው እንባው አገጩ ድረስ ወረደ፤ አልጠረገውም። ግድቡንም ነገራቸው፣ ምሳ ዕቃውንም። «ደህና አይደለሁም» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ማንም ይስማው ብሎ። «ደህና አይደለሁም እትዬ። መኖር አቅቶኛል፤ መሞትም አልፈልግም።»

«አብሽር» አሉ እትዬ ሉባባ። የእሳቸውም ዐይን ረጥቧል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አንተ ዛሬ ገለጥከው። አብሽር የኔ ልጅ።»

«ተመዝግቧል» አለች እሜቴ። «አምስተኛ ደረጃ፤ አስቸኳይ። የመጨረሻው መልስ ይጸናል። የሐኪም ቤቱ ደብዳቤ ከሕንፃው ሲወጡ በር ላይ ይታተምልዎታል።»

እትዬ ሉባባ ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጁን ያዙት። አሁን ስለ ጉዳዩ እየተናገሩ ነው፣ መመሪያ እየጣሱ ነው፣ ግድም የላቸው። «ስማኝ። እሷ በየኮሪደሩ አለች፣ የምትይዘው የመጨረሻዋን ቃል ነው። ደብዳቤውን በእጅህ እስክትጨብጥ ማንም እንዴት ነህ ቢልህ አንዳች እንዳትመልስ። ማንም! ባለፈው ሳምንት አንዷን ምስኪን፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ተመስገን ስላለች፣ ከደረጃው ግርጌ ነው የመለሰቻት። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«በል ሂድ።»

ኮሪደሩን በፍጥነት ተራመደ። ደረጃውን ወረደ። መውጫው ላይ ያለው ዘበኛ የዋህ ሽማግሌ ነው፣ ለሁሉ ሰው ብድግ የሚል። ብድግ አለ።

«እንዴት ነህ ጌታው? ጉዳይህ ሰመረልህ?»

አንዳርጌ ከንፈሩን ነከሰ። ዘበኛው በትሕትና ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። ማተሚያው ገና ይንገራገጫል። አንዳርጌ በአርባ ሰባት ዓመቱ ሽማግሌ ሰላም ብሎት ዝም ብሎ አያውቅም፤ ላብ አጠመቀው።

«ኧረ ደህና ነህ ወይ?» አለ ዘበኛው ጠጋ ብሎ።

ጣሪያውን አየ። ጫማውን አየ። ደብዳቤው ከማተሚያው ብቅ ሲል መንትፎ ወጣ።

«ምን ዓይነት ባለጌ ነው ጃል!» አለ ዘበኛው ከኋላው። እውነቱን ነው።

አንዳርጌ መንገድ ተሻግሮ ደብዳቤውን ደረቱ ላይ ይዞ ሳቀ። ጮክ ብሎ፣ ሰው እስኪያየው ሳቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነው።

በሦስተኛው ቀን ሐኪም ፊት ቀረበ። ዶክተር ወንድይራድ ይባላል፣ ከሰባቱ አንዱ ነው። «እንዴት ነህ?» ሲለው አንዳርጌ ደንግጦ ዝም አለ። ዶክተሩ በሳቅ ፈነዳ። «ከእትዬ ሉባባ ችሎት ነው የመጣኸው ማለት ነው። የሳቸው ሰዎች ሁሉ ሰላምታ ይፈራሉ። አይዞህ፣ እዚህ የተባለ አይታረምም።» ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል አወሩ። መድኃኒት ጻፈለት፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ ቀጠረው፣ ግድቡ የሚታይበት አውቶቡስ ቀርቶ በሌላኛው መስመር እንዲመላለስ ነገረው፤ የመጨረሻው ምክር ቀላል ቢመስልም ከሁሉ በላይ የጠቀመው እሱ ነው።

አምሳለ የሰማችው ከእሜቴ ነው። አንድ ጠዋት ሦስቱም በር ላይ ሳሉ «አቶ አንዳርጌ፣ ደረጃዎ ከአንደኛ ወደ አምስተኛ ዝቅ ብሏል፤ የምስክር ወረቀትዎን ይመልሱ» አለች። አምሳለ ምሳ ዕቃውን እንደያዘች ቀረች። ረድኤት ትምህርት ቤት እስክትሄድ ታገሰችና ጮኸችበት፤ አለቀሰችም፣ ደረቱን በጡጫ መታችውም። ሁሉን ነገራት።

«ለምን አልነገርከኝም? በየቀኑ እንዴት ዋልክ ስልህ!»

«ትጠይቂኛለሽ። አንዴ ትጠይቂኛለሽ» አለ አንዳርጌ። «እኔም አንዴ እመልስልሻለሁ።»

አምሳለ የምስክር ወረቀቱን አውጥታ መለሰችው። ፍሬሙን ግን አልጣለችውም። የማክሰኞ ቀጠሮ ካርዱን አስገብታ እዚያው ቦታ ሰቀለችው። እንግዳ ሲመጣ ካርዱን አይቶ ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ግን ሊወጣ ሲል በር ላይ ዘግየት ይልና «እሱን ካርድ እንዴት ነው የሚያገኙት?» ይላል። አቶ ይማም ራሳቸው ጠይቀዋል።

በስድስተኛው ሳምንት እንቅልፍ መጣ። በጥር ሽንኩርት ሲጠበስ ሸተተው፤ እንደሚርበው ያኔ አወቀ። ሰሌዳው ላይ ፊቱን ሲያይ ብሩሹን ያነሳል። ሁልጊዜ አይደለም፤ የሚከብዱት ቀኖች አሉ፤ ግን ከባዱ ቀን አሁን ማክሰኞ አለው።

በመጋቢት አንድ ጠዋት ከአምሳለ ጋር አብረው ሊወጡ በር ላይ ቆሙ። እሜቴ «ወይዘሮ አምሳለ፣ እንዴት አደሩ?» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች አምሳለ። በሩ ተከፈተ። አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ ብሏል። አንዳርጌ ግን ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ሚስቱ ምሳ ዕቃውን ስታቀብለው እጇን አየው፤ ጥፍሮቿ ሥጋው ድረስ ተበልተዋል። መቼ ነው እንዲህ የሆኑት?

«እንዴት አደርሽ?» አላት።

«ምን ነካህ? ተመስገን አልኩ አይደል? አውቶቡሱ ሊያመልጥህ ነው።»

«እህትሽስ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

«ወገብሽስ?»

«ይሻለኛል። አንዳርጌ፣ ሂድ እንጂ!»

«የረድኤት ነገርስ? የትምህርቷ?»

«ደህና ናት አልኩህ። ምን አባትህ...»

«አንቺስ?»

አውቶቡሱ ቆመ፣ ጡሩንባውን ነፋ፣ ሄደ። አንዳርጌ ዞር ብሎም አላየው። ምሳ ዕቃውን መሬት አስቀመጠና ጠበቀ።

«አንቺስ አምሳለ?»

አምሳለ ልትስቅ ሞከረች። ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። «ደክሞኛል» አለች። «አንተን ማታ ማታ ትተነፍስ እንደሆነ እያዳመጥኩ ነው የማድረው። ከአራት ወር ወዲህ። ከዚያ በፊትም። ምን ሆኖ ነው እያልኩ፣ እኔ ምን አድርጌው ነው እያልኩ። ደህና አይደለሁም። ኧረ በጭራሽ ደህና አይደለሁም።»

«መልስዎ ታርሟል። ተመዝግቧል» አለች እሜቴ።

አንዳርጌ አጠገቧ ተቀመጠ። አቶ ይማም ጋሪያቸውን እየገፉ መጡና ሁለቱን ደፍ ላይ አይተው ቆሙ። አምሳለ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፣ ረጅም ትንፋሽ ሳበች፣ አወጣች።

«እፎይ» አለች። «እፎይ፣ ወጣልኝ።»

አቶ ይማም ጋሪያቸውን ጥግ አስይዘው ከእነሱ ጋር ተቀመጡ። ማንንም እንዴት አደራችሁ አላሉም። ትንሽ ቆይተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «እኔም እኮ» አሉ።